ከአቃቂ ወንዝ ዳር፦ አካባቢያችንን ለማስከበር ስንነሳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከላይ ካሉት ተራሮች ሲነሱ ንጹሕ ናቸው። አዲስ አበባን አቋርጠው እኛ ጋ ሲደርሱ ግን የከተማውን እድፍ ሁሉ ተሸክመው ነው። ከእኛ አልፈው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። እኔ አቃቂ ነዋሪ ነኝ፤ በሰፈራችን ኮሚቴም አገለግላለሁ። እስካሁን የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። ሕጉ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በሩን ከፍቶልን ሳለ እኛ ስንት ጊዜ የማይመለከተው ደጅ ስንጠና ኖርን! ሌላው ሰፈር እንዳይደግመው የተሳሳትንባቸውንና በጎረቤት ሰፈሮች ያየኋቸውን ልጻፍ።

በቃል ብቻ አቤት ማለት

ወንዙ ዳር ያለ አንድ ፋብሪካ ሌሊት ሌሊት ፍሳሽ ይለቅ ነበር። ማለዳ ስንወርድ ውሃው አንዳንዴ ሰማያዊ፣ አንዳንዴ እንደ ቡና አተላ ጥቁር ሆኖ፣ ድንጋዩ ላይ አረፋ ተጋግሮ እናገኘዋለን። ወረዳ ሄድን። በደንብ ተቀበሉን፣ “እንከታተላለን” አሉን። በወሩ ስንመለስ ኃላፊው ተቀይሮ ጠበቀን፤ ከሀ ጀምረን እንደገና አስረዳን። እንዲህ እያልን ዓመት ከመንፈቅ አለፈ።

በዕድራችን ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አሉ። አንድ ቀን የለቅሶ ድንኳን ስንተክል ይህንኑ ስናወራ ሰሙና “ልጄ፣ የገቢ ቁጥሩ ስንት ነው?” አሉኝ። ቁጥር የሚባል ነገር አልነበረንም። “እንግዲያው አቤቱታም የላችሁም” አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አቤቱታ የሚቀርበው ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት ነው ይላል። ወረዳው ቢረዳን መልካም ነው፤ ቀኑ የሚቆጠረው ግን እዚያ ከተነገረ ቃል አይደለም። አቤቱታው በደረሰው በ30 ቀን ውስጥ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካን፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ እንችላለን። ስልሳው የሚጀምረው ውሳኔው ከተሰጠበት ወይም ሠላሳው ቀን ካለፈበት ዕለት ነው። ያለ ገቢ ቁጥር፣ ያለ ቀንና ያለ ማኅተም ይህን ማን ይቆጥርልናል? አሁን ማመልከቻ የምናስገባው በሁለት ኮፒ ነው። አንዱ እዚያው ይቀራል፤ ሌላው ማኅተም ተመትቶበት በኮሚቴው ፋይል ይቀመጣል። ሠላሳኛውንም ስልሳኛውንም ቀን ፋይሉ ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ እንጽፋለን።

“ምን አገባህ?” ሲባሉ መመለስ

ብዙ ሰው መሬቱ ወንዙ ላይ ካልሆነ ወይም ከብቱ ካልሞተበት መክሰስ የማይችል ይመስለዋል። ይኸው አዋጅ ማንም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት አቤት ማለት ይችላል ብሎ በግልጽ ደንግጓል። ተከራይም፣ ተማሪም፣ መንገድ አላፊም ይችላል።

በሃይላንድ ቀድቶ መሮጥ

ይህ የእኔው ስህተት ነው። ውሃው ቀለም ይዞ በወረደ ቀን መንገድ ላይ ያገኘሁትን ባዶ ሃይላንድ አንስቼ ቀዳሁና ሦስት ቀን ቤት አስቀምጬ ይዤው ሄድኩ። ዕቃው ቀድሞ ምን እንደያዘ አይታወቅ፣ ውሃው በሙቀት ተለውጧል፣ የቀዳሁበት ሰዓትም አልተጻፈም። ዋጋ አልነበረውም።

ናሙና ሁለት ቦታ መቀዳት አለበት፤ ከፋብሪካው ቱቦ በላይና ከቱቦው በታች። ከላይ ያለው ካልተቀዳ ፋብሪካው “ከመሃል ከተማ የመጣ ነው” ቢል መልስ የለህም። ዕቃው ንጹሕ ይሁን፣ በዚያው በወንዙ ውሃ ደጋግሞ ይለቅለቅ፣ ቦታና ሰዓት ይጻፍበት፣ በቅዝቃዜ ተይዞ በዚያው ቀን ላቦራቶሪ ይድረስ። ከሁሉ የሚሻለው ግን የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ራሱ ሲቀዳ ነው። አዋጁ ተቆጣጣሪዎች ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ግቢ ገብተው ናሙና እንዲወስዱ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ስለዚህ ለእነሱ የሚጠቅማቸው የእኛ ሃይላንድ ሳይሆን የእኛ ማስታወሻ ነው፤ በየትኛው ሌሊት፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ቱቦ ተለቀቀ። እኛ ሁለት ሳምንት ተራ ገብተን መዘገብን። አብዛኛው ከሌሊቱ ሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ተገኘ።

ግንባታው ካለቀ በኋላ መንቃት

የቆርቆሮ አጥር ሲታጠር ዝም እንላለን፤ ጭስ ሲወጣ እንጮኻለን። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ከልክሏል። የጥናቱ ሪፖርት ለሕዝብ ክፍት ሆኖ አስተያየት እንዲሰበሰብበት፣ በተለይ ጉዳቱ የሚደርስበት ማኅበረሰብ ሐሳብ እንዲካተት ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው ፕሮጀክት ላይ የመመካከር መብት ሰጥቶታል። አጥሩ እንደታጠረ ሪፖርቱን በጽሑፍ ጠይቁ። ማሽን ከተተከለ በኋላ የማጣሪያ ጉድጓድ ቦታ እንኳ አይገኝም።

“ይዘጋልን” ብቻ ማለት

እዚያ ፋብሪካ የሚሠሩት የእኛው ልጆች ናቸው። የብክለት ቁጥጥር አዋጁ የበከለ ሰው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ማጣሪያ እንዲሠራና በቀን ገደብ እንዲጨርስ ስንጠይቅ ከሠራተኞቹም ሰዓቱንና ቱቦውን የሚነግረን አገኘን። በወንዙ ውሃ ቆስጣና ሰላጣ በሚያለሙት እናቶች ላይ መነሳትም እንዲሁ ስህተት ነው። ውሃውን የበከሉት እነሱ አይደሉም፤ ሌላ ውሃ ሳይሰጣቸው ሞተራቸውን መንጠቅ ግፍ ነው። የእኛን ቤቶችስ? የሽንት ቤቱን ቱቦ በድብቅ ወንዝ የሰደደ ስንት ግቢ አለ! የአቃቂ ብክለት የፋብሪካ ብቻ ሳይሆን በአብዛኛው የየቤታችን ፍሳሽ ነው። ከኮሚቴያችን አንዱ መጀመሪያ የራሱን ቱቦ ዘግቶ ሴፕቲክ ታንክ ካስቆፈረ በኋላ ነው ሌላውን መጠየቅ የቻልነው።

“ከእኔ ይራቅ እንጂ” ማለት

ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። ቆሼ የከተማውን ቆሻሻ ከ50 ዓመት በላይ ሲሸከም ኖረ። ጢሱ ያስመረራቸው ሰፈሮች ይነሳልን አሉ፣ ልክም ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ቆሻሻው ሰንዳፋ ወደተሠራው አዲስ ማስወገጃ መሄድ ጀመረ። የሰንዳፋ ገበሬዎችም ሽታውንና የውሃቸውን መበከል ተቃወሙ፣ እነሱም ልክ ነበሩ። ማስወገጃው በወራት ውስጥ ተዘግቶ መኪኖቹ ወደ ቆሼ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ፣ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ቆሻሻው ከአንዱ ደጅ ወደ ሌላው ሲገፋ መጠኑን ከምንጩ ስለ መቀነስ፣ ስለ መለየትና ብስባሹን ወደ ኮምፖስት ስለ መለወጥ የተወራው ጥቂት ነበር። እነዚያ ቤተሰቦች ትዝ ባሉኝ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ስለዚህ የመጨረሻውን ማመልከቻ ከማስገባታችን በፊት ከእኛ በታች ወደ አባ ሳሙኤል አቅጣጫ ያሉ ገበሬዎች ዘንድ ወረድን። ከብቶቻቸው የሚጠጡት ይህንኑ ውሃ ነው፤ ለእነሱ የሚቀርበው መሥሪያ ቤት ደግሞ የክልሉ ነው። ሁለት ኮፒ የነበረው ማመልከቻ አራት ሆነ፤ ሁለቱ ለከተማው፣ ሁለቱ ለኦሮሚያ። እስካሁን 43 ሰው ፈርሟል፤ አሥራ ስምንቱ ከታች ናቸው።