«ሆአጋሽት»ን ስትሰሙ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

ሉናር አውሮራ የሚባለው ባንድ ብላክ ሜታል፣ ማለትም ፈጣን ከበሮና ጩኸት የበዛበት ከባድ የሮክ ሙዚቃ ይጫወታል፤ አባላቱ የሮዘንሃይም ልጆች ናቸው። ሮዘንሃይም ከሙኒክ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ የአልፕስ ተራሮች ሥር ያለች የባቫሪያ ከተማ ናት። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1994 ተመሠረተ። «ሆአጋሽት» በ2012 የወጣ የመጨረሻ አልበማቸው ነው። ከጀርመን ብላክ ሜታል አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ያለ ማመንታት ይኼን እመርጣለሁ። ብዙ ሰው ግን ሁለት ደቂቃ ሰምቶ ይዘጋዋል፤ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ትልቁ ስህተት ቃል መፈለግ ነው። እኛ ዘፈን ስንሰማ ጆሯችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ግጥሙ ነው። ስንኙ ምን አለ፣ ሰሙ የቱ ነው፣ ወርቁስ፣ አዝማቹ መቼ ይመለሳል እያልን እንጠብቃለን። እዚህ ግን ድምፃዊው ይጮኻል፣ ያጉረመርማል፣ አንዳንዴ ከጊታሮቹ ጀርባ የተደበቀ እስኪመስል ይርቃል። የተበላሸ ቀረጻ እንዳይመስላችሁ፣ ሆን ተብሎ ነው። ድምፁን እንደ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ቁጠሩት። ዜማውን የያዙት ጊታሩና ኪቦርዱ ናቸው። ጊታሪስቱ ክሩን በጣም በፍጥነት ደጋግሞ ስለሚመታው ኖታዎቹ ተያይዘው አንድ ረጅም ድምፅ ይሆናሉ፣ ያ ረጅም ድምፅ ቀስ እያለ ከፍ ዝቅ ሲል ነው ዜማው የሚወጣው፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ ጫጫታ ብቻ የሚመስለው። ከበሮው ሲሮጥ አብራችሁት አትሩጡ። ከሥሩ ያለው ዜማ ዝግ ያለ ነው፣ እሱን ተከተሉ።

ጀርመን አገር የምትኖሩ ደግሞ በቋንቋው እንዳትሸወዱ። አልበሙ በባቫሪያ ዘዬ ነው የተጻፈው። ኮርስ ገብታችሁ የተማራችሁት ጀርመንኛ ብዙ አያራምዳችሁም፤ ከሰሜን የመጣ ጀርመናዊም ይቸገራል። ስለዚህ አልገባኝም ብላችሁ አትተዉት።

ሌላው ስህተት ብላክ ሜታል ሲባል ሰይጣን ብቻ ማሰብ ነው። ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኖርዌይ ውስጥ ከዚህ ሙዚቃ ጋር የተያያዙ ወጣቶች አብያተ ክርስቲያናት አቃጥለዋል። በ1992 በርገን ከተማ ያለው የፋንቶፍት የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ወድሟል። ሰውም ተገድሏል። ይኼ ሊድበሰበስ አይገባም። ግን በዚህ ስም የተሠራ ሙዚቃ ሁሉ አንድ አይደለም። «ሆአጋሽት» ማለት በባቫሪያ ጎረቤት ማታ ተሰብስቦ የሚያወጋበት ጊዜ ነው፣ የዘፈኖቹንም ርዕስ ብታዩ ጓሮው፣ ጉጉት፣ ከዋክብት፣ ከሩቅ የሚታይ መብረቅ፣ መናፍስት ያሉበት ደን፣ ዝናብ ናቸው። «ሃበርጎአስ» የሚለው ዘፈን ስሙን የወሰደው ከአልፕስ አካባቢ ተረት ነው። ፍየልም ወፍም የሚመስል፣ ሦስት እግር አለው የሚባል፣ ሌሊት ሲጮህ ሰው የሚያስደነግጥ ፍጡር ነው። ጉጉት ሲጮህ «ምን ልታሟርት ነው» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ይኼን ስሜት በደንብ ያውቀዋል።

የተገላቢጦሹም ስህተት ነው፤ ምንም ሳያጣሩ ያገኙትን ሁሉ መስማት። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ዘረኝነትን፣ አልፎም የናዚን አስተሳሰብ በግልጽ የሚሰብኩ ባንዶች አሉ። እኛ ጥቁሮች ነን። ዜማው ስለጣመን ብቻ ለሚጠላን ሰው ገንዘብ መስጠት የለብንም። አዲስ ባንድ ስታገኙ ቲሸርት ወይም ሲዲ ከመግዛታችሁ በፊት እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንደተናገሩ፣ ማን እንደሚያሳትምላቸው ፈትሹ። ብዙ ጊዜ አይወስድም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ አጥብቄ የምለምናችሁ ይኼን ነው።

በስልክ ስፒከር አትስሙት። ወፍራሙ ድምፅ በሙሉ ይጠፋና ቀጭን ፉጨት ብቻ ይቀራል። ደህና ኢርፎን ይበቃል፣ ውድ መሆን የለበትም። ድምፁንም ጥግ ድረስ አታድርሱት፤ ጆሯችሁ ይጎዳል።

ዘፈኖቹን ማዘበራረቅም ያው ስህተት ነው። ስምንት ናቸው፣ ሁሉም ተደምረው አንድ ሰዓት አይሞሉም። ከጓሮ ጀምሮ በዝናብ ነው የሚያልቀው፣ በመሃል ሌሊቱ እየጠለቀ ይሄዳል፣ እና አምስተኛውን ነጥላችሁ በሌላ ባንድ ዘፈን መሃል ብትከቱት የነበረው ድባብ ድራሹ ይጠፋል። ሥራ እየሠራችሁ ከጀርባ የምትከፍቱት ዓይነትም አይደለም። ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስሙት። አንዴ ሰምታችሁም አትፍረዱ። እኔ ያስተዋልኩት፣ መጀመሪያ ጫጫታ ነው ያለ ሰው ሲደጋግመው ከዜማዎቹ አንዷን ሳያውቀው ማንጎራጎር ይጀምራል።

ከወደዳችሁት በኋላ ደግሞ በቀጥታ ወደ መጀመሪያው አልበማቸው፣ በ1996 ወደ ወጣው «ቬልተንጌንገር» አትዝለሉ። ሻካራ ነው፣ የተለየ ጆሮ ይፈልጋል። በ2007 የወጣው «አንዳኽት» ይሻላል። ከዚያ የ2004ቱ «ትሲክሉስ» ይከተል። እሱ አራት ዘፈን ብቻ ነው ያለው፦ ጠዋት፣ ቀን፣ ምሽትና ሌሊት። እሱንም በቅደም ተከተል ስሙት።