በግቢ የተተከለው ችግኝ ለምን ይደርቃል? ለደሴና ለኮምቦልቻ የትምህርት ተቋም ግቢዎች

ሐምሌ ላይ በጭብጨባ የተተከለ ችግኝ ኅዳር ላይ ጭራሮ ሆኖ ሲገኝ በየግቢው የሚሰማው መልስ «ውሃ አጥቶ ነው» የሚል ነው። አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ በተከላው ዕለት ከሥሩ ጋር አብሮ የተቀበረ ነው። በ2011 ዓ.ም. አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ የምንተክለው ቁጥር በጣም ጨምሯል፤ በዚያው ልክ የሞተውን ቆፍሮ የማየት ልማድ ግን አላዳበርንም። በየዓመቱ በዚያው ጉድጓድ ሌላ ችግኝ መተካት መፍትሔ አይደለም።

መጀመሪያ በእርግጥ መሞቱን አረጋግጡ። ግንዱን በአውራ ጣት ጥፍር ፋቅ አድርጉት። ከቅርፊቱ ሥር እርጥብ አረንጓዴ ካለ ሕይወት አለው። ደረቅና ቡናማ ከሆነ ወደ ታች እየወረዳችሁ ፋቁ። ከመሬት ስንዝር ከፍ ብሎ አረንጓዴ ከተገኘ ወይራና ዋንዛ ከሥር ሊያቆጠቁጡ ስለሚችሉ አትንቀሏቸው። ጽድ ግን ከጉቶ አያቆጠቁጥም።

ውሃ ይጠጣል፣ ግን አያድግም

አንድ ዓመት አልፎት ቁመቱ ያልጨመረ፣ ነፋስ ሲነካው ከሥሩ የሚወዛወዝ ችግኝ ካያችሁ ዶማ አምጡና ከጎኑ ቆፍሩ። ብዙ ጊዜ የሚወጣው አሳዛኝ ነገር ነው፤ ጥቁሩ ፕላስቲክ እንዳለ አለ፣ ሥሩ በውስጡ ዙሪያውን ተጠምጥሞ ከታች በኩል ገመድ መስሏል። እንዲህ ያለ ሥር ወደ አዲሱ አፈር ሳይወጣ የራሱን አንገት ያንቃል። ፕላስቲኩ ቢወልቅም እንኳ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ከመጠን በላይ የቆየ ችግኝ የተጠመጠመውን ሥር ይዞ ነው የሚመጣው።

መድኃኒቱ የተከላ ዕለት ነው። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውልቁ፤ ከታች የተጠቀለለውን የሥር ጫፍ በስለታም ቢላ ቁረጡ፤ በጎኑም ሁለት ሦስት ቦታ ከላይ ወደ ታች ስንጥቅ አድርጉለት። ጉድጓዱ 40 በ40 ሴንቲሜትር ይሁን፤ በደረቅ የግቢ መሬት ላይ 60 ቢሆን የተሻለ ነው። የላይኛውን አፈር ለብቻ አስቀምጡና በመጀመሪያ እሱን መልሱ። የሥሩ አንገት ከመሬቱ ወለል ጋር እኩል ይሁን፤ ጠልቆ የተቀበረ ግንድ ይበሰብሳል። ባለሥልጣን እንግዳ ቢጠብቅም ይህን ሳትጨርሱ አፈር አትመልሱ።

በአንድ ሌሊት ጫፉ ጠቆረ

ይህ የደሴ ችግር ነው፤ ምክንያቱ ውርጭ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናቸው። በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ሲወረድ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ጉዞ ነው፤ ለዛፍ ግን ሁለት አገር ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱም ከተሞች ግቢ ስላለው አንድ መኪና ችግኝ ጭኖ ለሁለቱም ማከፋፈል የሚያጓጓ ሐሳብ ይሆናል። አታድርጉት። ደሴ ላይ ጽድ፣ ወይራና ኮሶ ይስማማቸዋል። ኮምቦልቻ ላይ ዋንዛ፣ ግራር፣ ግራቪላና ጃካራንዳ ምረጡ፤ ኮሶ እዚያ ሙቀቱ ይከብደዋል። ወይራ ለሁለቱም ይሆናል።

ከጥቅምት እስከ ጥር ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ከጦሳ ተራራ ወገን ወርዶ ዝቅ ባለው ቦታ ይተኛል። ስስ ችግኝ በዚያ አትትከሉ፤ የግድ ከሆነ ማታ ማታ በሣር ወይም በጆንያ ሸፍኑት። የጠቆረውን ጫፍ ውርጩ ሳያልፍ አትቁረጡ፤ ከታች ያለውን ይከላከልለታል።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ

የትኛው ቅጠል እንደሆነ ተመልከቱ። የታችኛውና አሮጌው ከሆነ፣ አፈሩም ሲሸተት የከረፋ ከሆነ፣ ሥሩ በውሃ ታፍኗል። ዋልካ አፈር ላይ ይህ የክረምት ነገር ነው፤ ውሃ መጨመር መግደል ነው። የሚያፈስስ ቦይ ቅደዱ፣ በሚቀጥለው ጊዜም ከፍ ባለ መደብ ላይ ትከሉ። ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውሃ ሙሉት፤ በማግሥቱ ጠዋት ከተገኘ ቦታው ችግር አለበት።

አዲሱ የላይ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ከቀረ ግን ሌላ ነው። አዲስ ሕንፃ አጠገብ ቆፍሩ፤ ሲሚንቶና ኖራ ይወጣል። ያ ቆሻሻ ሥሩ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር እንዳያገኝ ያደርገዋል። ፍርስራሹን አውጥታችሁ ጥሩ አፈርና ብስባሽ መተካት እንጂ ማዳበሪያ መበተን ጥቅም የለውም።

ችግኙ ያለ ሥር ተነቀለ

ደሴ ላይ አጠገቡ ትኩስ የአፈር ቁልል ካለ ፍልፈል ነው። ወጥመድ ይጠመድለት፤ ሲተከልም ሥሩን በሽቦ መረብ መክበብ ይረዳል። ኮምቦልቻ ላይ በግንዱ ላይ የጭቃ መስመር ከታየ ምስጥ ነው። ደረቅ ጉዝጓዝ ከግንዱ ስንዝር ይራቅ፤ የተጠማ ችግኝ ቶሎ ይበላል።

የፈረንጅ ጽድ አጥር ከውስጥ ቡናማ ሆነ

ቅርንጫፉን ገለጥ አድርጉ። የሚጣበቅ ፈሳሽ፣ ጥቁር ሻጋታና የሚመላለሱ ጉንዳኖች ካሉ ክሽክሽ ነው፤ የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ተባይ። በተባዩ የተያዘውን ቆርጣችሁ አቃጥሉ፣ የቀረውን በሳሙና ውሃ እጠቡ። የደረቀው ቅርንጫፍ ግን ዳግም አያበቅልም፤ ክፍተቱን በሌላ ዛፍ መሙላት ነው የሚሻለው።

ውሃው ራሱ

በየቀኑ ላዩን ማርጠብ ሥሩን ላይ ላይ ያስቀረዋል። በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሊትር በዝግታ ይጠጣ፤ ዙሪያው በጉዝጓዝ ይሸፈን። በልግ በወሎ ከየካቲት ጀምሮ ሊዘንብ ይችላል፣ ላይዘንብም ይችላል፤ እሱን ተማምናችሁ አታቋርጡ። ውሃው የሚቋረጠው ተማሪ በፈተና ሲጠመድና ለዕረፍት ሲሄድ ነውና ሥራው በበጎ ፈቃድ ክበብ ላይ አይንጠልጠል። ለእያንዳንዱ ሕንፃ ዙሪያ ስሙ የተጻፈ አትክልተኛ ይመደብ፤ ክረምትም በጋም እዚያው ያለ ሰው። ከጥበቃ ሠራተኞች ጋር ተነጋገሩ፤ ፍየልና በግ በየትኛው ቀዳዳ እንደሚገባ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።