ለድኅረ ምረቃ ብር ከማሰባሰባችሁ በፊት

አሜሪካ ሄዳችሁ ለመማር ያሰባችሁ ካላችሁ አንድ ነገር ልጠቁማችሁ። ብዙዎቻችን መጀመሪያ ማስተርስ፣ ከዚያ ፒኤችዲ ነው የምንለው። እዚያ ግን በብዙ የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ትምህርት ክፍሎች በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ በቀጥታ ለፒኤችዲ ማመልከት ይቻላል። ልዩነቱ ኪስ ላይ ነው። ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ በራስ ገንዘብ ነው። በእነዚህ መስኮች ፒኤችዲ ከሆነ ግን በአመዛኙ ዩኒቨርሲቲው የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፤ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት እየሠራችሁም ወርሃዊ ክፍያ ታገኛላችሁ። ሀብታም አያደርግም፤ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ግን ይሆናል።

የማመልከቻ ክፍያው ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው። ከኢትዮጵያ ሆኖ በዶላር መክፈል መቼም ታውቁታላችሁ! ውጭ ያለ ዘመድ ከማስቸገራችሁ በፊት ለትምህርት ክፍሉ የድኅረ ምረቃ አስተባባሪ አጭር ኢሜይል ጻፉ። ማን እንደሆናችሁ፣ የትኛውን ፕሮግራም እንደምትፈልጉና ክፍያው እንዲነሳላችሁ እንደምትጠይቁ በሦስት አራት መስመር ግለጹ። ልመና አያስፈልገውም፤ የተለመደ ጥያቄ ነው። አንዳንዱ እምቢ ይላል፣ አንዳንዱ እሺ ይላል። ብቻ ሳትከፍሉ ጠይቁ፤ አንዴ የተከፈለ ብዙውን ጊዜ አይመለስም።

ማስተርስ ብቻ ለምትፈልጉ ኢራስመስ ሙንዱስ የተባለውን የአውሮፓ ኅብረት የነፃ ትምህርት ዕድል እዩት። የትምህርት ክፍያውን ይሸፍናል፣ በወር 1,400 ዩሮም ይሰጣል። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ማመልከቻ የሚቀበሉት ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆነ ፓስፖርቱንና ትራንስክሪፕቱን ክረምት ላይ ጨርሱ።