ኮርቻ ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶን ላይ ተቀመጡ

ክብደቱ ቀላል የሆነና የሚመች የማውንቴን ባይክ (የተራራ ብስክሌት) ኮርቻ የምትፈልጉ፣ የሚያስፈልጋችሁን ስፋት ሳታውቁ አትግዙ። ብዙ ሰው በጣቱ ተጭኖ የለሰለሰውን ይመርጣል፤ ሕመሙም ከዚያ ይጀምራል።

ቦይ ቦይ ያለውን የማሸጊያ ካርቶን ቆርጣችሁ ጠንካራ ወንበር ወይም የደረጃ መርገጫ ላይ አንጥፉ። ስስ ሱሪ ለብሳችሁ ተቀመጡበት፤ ጉልበታችሁን ከፍ፣ ደረታችሁን ወደፊት ዘንበል አድርጋችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆዩ። ስትነሱ የሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ጉድጓድ ካርቶኑ ላይ ይቀራል (ካልታያችሁ በእርሳስ ጎን ቀስ ብላችሁ ቀቡት)። ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ለኩና ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ጨምሩበት። ልኬቱ 115 ሚሊሜትር ከወጣ ከ135 እስከ 145 ሚሊሜትር ስፋት ያለውን ፈልጉ።

ክብደታችሁን መሸከም ያለባቸው እነዚያ ሁለት አጥንቶች ናቸው። በጣም ወፍራም ስፖንጅ ውስጥ ሲሰምጡ መሃሉ ወደ ላይ ያብጥና ነርቭና የደም ሥር ይጫናል፤ የሚያደነዝዘው ይሄ ነው። ስፋቱ ልክ ከሆነ ግን ስስ ስፖንጅ ይበቃል፤ ስለዚህ ቀላሉን ለመግዛት ምቾታችሁን መተው የለባችሁም።

ለክብደት ከኮርቻው ሥር ያሉትን ሁለት ዘንጎች እዩ። ቲታኒየም ከብረት ይቀላል፣ እኔም እሱን እመክራለሁ። ካርቦን የባሰ ይቀላል፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ 7 በ9 ሚሊሜትር ሞላላ ስለሆነ ለ7 ሚሊሜትር ክብ ዘንግ በተሠራ ማሰሪያ አትጠብቁት፣ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ጀርባችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ለምትነዱት የከተማ ብስክሌት ይህ ስሌት አይሆንም፤ ሰፋ ያለ ያስፈልገዋል።