ቤት ውስጥ ሲግናል የሚጠፋበትን ምክንያት እንዴት እንደምናገኝ

ስልኩ አናት ላይ የሚታዩትን መስመሮች ተዋቸው። ስንት መስመር ምን ያህል ሲግናል እንደሆነ እያንዳንዱ አምራች በራሱ መንገድ ስለሚወስን መለኪያ አይሆኑም። የሚያስፈልጋችሁ የሲግናሉን ጥንካሬ የሚያሳየው ቁጥር ነው። በብዙ አንድሮይድ ስልኮች ሴቲንግ ውስጥ “ስለ ስልኩ” ከሚለው ገብታችሁ የሲም ሁኔታ ላይ ታገኙታላችሁ፤ በአይፎን *3001#12345#* ብላችሁ ደውሉ።

ቁጥሩ በዲቢኤም (የሲግናል ኃይል መለኪያ) የሚለካ ኔጌቲቭ ነው፤ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል። በ4ጂ -85 አካባቢ ጥሩ ነው፤ ከ-110 ሲወርድ ችግር ይጀምራል። 10 ዲቢ ሲቀንስ፣ ማለትም ቁጥሩ በ10 ሲወርድ፣ ኃይሉ ወደ አንድ አስረኛ ስለሚወርድ በ-95 እና በ-105 መካከል ያለውን ልዩነት አትናቁት።

አሁን ለኩ። ብዙ ሰው አንድ ጥግ ቆሞ አንድ ቁጥር ያይና “ይህ ክፍል አይሠራም” ብሎ ይደመድማል። የሲግናሉ ሞገድ ግን ከኔትወርክ ማማው በቀጥታ ብቻ አይመጣም፤ ከግድግዳና ከጣሪያ እየተንጸባረቀ በብዙ መንገድ ይደርሳል። እነዚህ ሞገዶች ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠነክረዋል ወይም ያጠፋዋል። ስልኮች ከሚጠቀሙባቸው ፍሪኩዌንሲዎች አንዱ በሆነው በ1800 ሜጋኸርትዝ የሞገዱ ርዝመት 17 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ስልኩን የዚያን ግማሽ እንኳ ብታንቀሳቅሱት ቁጥሩ በጣም ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ክፍል የተለያዩ ቦታዎች ላይ ለኩና አማካዩን ያዙ። ቁጥሩ ዘግይቶ ስለሚታደስ በየቦታው ጥቂት ጠብቁ። እጅና ሰውነትም ሞገድ ስለሚውጡ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጉት።

ከዚያ ውጭ ወጥታችሁ ድገሙት፤ ይህን ፈጽሞ አትዝለሉት። ውጭም ደካማ ከሆነ ችግሩ ርቀት ወይም የሚጋርድ ኮረብታና ሕንፃ ነው፤ ገላጣ ቦታ ላይ እንኳ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዲቢ ይጠፋል። ውጭ ጥሩ ሆኖ ውስጥ ከወደቀ ግን የሚውጠው ቤቱ ነው። ቆርቆሮንና ብረት ያለበትን ኮንክሪት ሁሉም ይጠረጥራል፤ ሙቀት እንዲመልስ ስስ ብረት የተቀባ መስታወት ግን ብዙዎች አያስቡትም። መስኮቱን ከፍታችሁ እንደገና ለኩ፤ ቁጥሩ ከተሻሻለ ምክንያቱን አገኛችሁት።

ቤቱ ከሆነ የሚውጠው፣ ኔትወርካችሁ የሚፈቅድ ከሆነ በዋይፋይ መደወል ከሁሉም ይቀላል። ሲግናልን ውጭ ባለ አንቴና ተቀብሎ፣ አጉልቶ ውስጥ ባለው የሚረጨውን ሲግናል ማጉያ ለመግዛት አትቸኩሉ። በብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ መትከል ክልክል ነው፤ የውጭና የውስጥ አንቴናው ከተቀራረቡም ማጉያው የራሱን ሲግናል መልሶ እያጎላ ማማውን ይረብሽና የጎረቤቶቻችሁንም ስልክ ያበላሻል።