ሎደሩ ጠዋት ደህና፣ ከሰዓት ልፍስፍስ

የማወራው ጎማቸው ወይም ሰንሰለታቸው በዘይት ግፊት ስለሚዞር ማሽኖች ነው። የናፍጣ ሞተሩ ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ የጎማውን የሃይድሮሊክ ሞተር ያዞራል። ዘይት መለካትና ፊልትሮ መቀየር ታውቃላችሁ፤ እሱን አልደግምም።

ሲሞቅ አቅም ያጣል

ጎንደር ውስጥ የማያልቀው ችግር ይሄ ነው። ማሽኑ ጠዋት አዘዞ ላይ አፈር ሲዝቅ ምንም አይለውም። ከሰዓት ግን ዳገት እምቢ ይላል። ወደ መተማ ቆላ ከወረደማ ገና ረፋዱ ላይ ይለግማል። ባለቤቱ «ናፍጣው ነው» ብሎ ናፍጣ የሚረጨውን ኢንጀክተር ያስፈታል። የሞተሩ ድምፅ ሳይወርድ ማሽኑ ብቻ ከደከመ ናፍጣውን ተዉት።

በፓምፑ ፒስተኖችና በማቀፊያቸው መካከል ያለው ክፍተት በማይክሮን፣ በሚሊሜትር ሺህኛ፣ የሚለካ ነው። አቧራ የገባ ዘይት ያንን ይፍቀዋል። ዘይቱ ቀዝቃዛ ሳለ ወፍራም ስለሆነ ጉዳቱን ይደብቃል። ሲሞቅ ይቀጥንና በተፋቀው በኩል ያመልጣል። የሚያመልጠው ዘይት ራሱ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ደግሞ ይበልጥ ያቀጥነዋል።

ለማረጋገጥ ማሽኑ በሞቀበት ሰዓት ከፓምፑ ገላ ወደ ታንክ የሚመለሰውን ቀጭን የፍሳሽ ቱቦ ፍቱ። ባልዲ ውስጥ ልቀቁትና በደቂቃ የሚወጣውን ሊትር ከማሽኑ መጽሐፍ ጋር አስተያዩ። የጎማ ሞተሮቹንም እንዲሁ፤ ጥፋቱ እዚያ ሆኖ ፓምፕ የሚገዛ ሰው ሞልቷል። ዘይቱ ያቃጥላል፤ ተጠንቀቁ። ዋናውን የግፊት ቱቦ ግን እንዳትነኩ! እዚያ ውስጥ ከ300 ባር በላይ ሊኖር ይችላል።

መፍትሄው የተፋቀውን መቀየር ነው። ግን አዲስ ፓምፕ አሮጌ ዘይት ላይ መግጠም ገንዘብ ማቃጠል ነው። የተፋቀው ብረት ዱቄት ሆኖ ቱቦው ውስጥ፣ የዘይት ራዲያተሩ ውስጥ፣ ታንኩ ሥር ተቀምጧል። አንድ ደንበኛ «ዘይቱ ገና ነው፣ አይደፋም» ብሎ ድርቅ አለ። ፓምፑ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ። ፊልትሮውን ቀደን ስናየው የነሐስ ፍቅፋቂ ያብለጨልጫል። ሌላው ደግሞ የታንኩ ክዳን ጠፍቶበት አፉን በጨርቅ ወትፎ ነበር። የጨርቁ ክር ፓምፑ ዘይት በሚስብበት መሳቢያ ወንፊት ላይ ተጠምጥሞ አገኘነው። ኧረ በፈጠራችሁ፣ ክዳን ግዙ! ሁሉንም እጠቡ፣ ዘይትም ፊልትሮም ቀይሩ፣ የፓምፑን ገላ ዘይት ሳትሞሉ አታስነሱ። ፎርጅድ ፊልትሮ ደግሞ ስትቀዱት ወረቀቱ ከሙጫው ለቆ ታገኙታላችሁ።

ፓምፑ ያፏጫል

ዘይቱ አረፋ ካወጣ በመሳቢያው ቱቦ አየር እየገባ ነው፤ ማጥበቂያውንና ቱቦውን ቀይሩ። አረፋ ከሌለ መሳቢያው ታፍኗል። ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት ከፍታ ላይ ይቀንሳል። ስለዚህ መተማ ላይ ዝም ያለ በግማሽ የተደፈነ ወንፊት ደጋው ደባርቅ ላይ ይጮኻል። «ቆላ ላይ ደህና ነበር» ማለት ማስረጃ አይደለም።

ወደ ፊት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ አይሄድም

የሁለቱ አቅጣጫ የግፊት ማስተንፈሻ ቫልቮች አንድ ዓይነት ከሆኑ አቀያይሯቸው። ችግሩ አብሮ ከዞረ ቫልቩ ነው።

ዘይቱ ወተት መሰለ

ውሃ ነው። ክረምቱን ክፍት ያደረ ታንክ። ድፉት።

ቱቦ ተበስቶ ዘይት ከረጨ ቀዳዳውን በእጅ አትፈልጉ። ቀጭን የዘይት ጨረር ቆዳ በስቶ ይገባል፤ መግቢያው የመርፌ ያህል ሆኖ ጣት ያስቆርጣል። ካርቶን አስጠጉ። የተወጋ ሰው ባያመውም በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ።

ሞተሩ የጠፋ ማሽን የፓምፑ ማለፊያ ቫልቭ (ዘይቱ በነፃ እንዲያልፍ የሚያደርገው) ሳይከፈት አይጎተትም። ከሊማሊሞ እስከ ደባርቅ በካቴና ጎትተው አምጥተውልን የጎማ ሞተሮቹ ነደው ነበር፤ የመጀመሪያው ብልሽት የአንዲት ሶሌኖይድ (ቫልቭ በኤሌክትሪክ የምታንቀሳቅስ) ሽቦ መበጠስ ብቻ ነበር።

ክራንክ የሌለው፣ ፒስተኑ ራሱ ዘይት የሚገፋ ፍሪ ፒስተን የሚባል ሞተርም አለ። እሱም ቢመጣ ቆሻሻ ዘይት አይችልም።