ፊደል ገበታው ኤክስና ዋይ አለው፦ ፒ5ን በሀ ሁ መጀመር

ፒ5 የሚባለውን የኮድ መሣሪያ የሚማር ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚሠራው ማውሱን የሚከተል ክብ ነው። ይሠራል፣ ደስ ይላል፣ በሁለተኛው ቀን ይሰለቻል። እኔ ክቡን ትቼ በፊደል ጀመርኩ። ፊደል ገበታ እኮ በራሱ ሠንጠረዥ ነው። ወደ ታች ስትወርዱ ቤተሰቡ ይቀየራል፣ ወደ ጎን ስትሄዱ ድምፁ፤ ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ እያለ እስከ ሳብዕ። ሕፃን በስንጥር እየጠቆመ «ሀ ሁ» ሲል ጣቱ ሁለት ነገር እየመረጠ ነው። ዛሬ የምንሠራው ይህንኑ ነው፤ መጀመሪያ በማውስ፣ ቀጥሎ ካሜራ ፊት በባዶ እጅ።

ፒ5ን ለማታውቁት በአጭሩ፦ ኬሲ ሪስ እና ቤን ፍራይ በ2001 ኤምአይቲ ሚዲያ ላብ ውስጥ ፕሮሰሲንግ የሚባል ለሠዓሊና ለዲዛይነር የሚሆን የኮድ መሣሪያ ጀመሩ። በ2013 ሎረን ማካርቲ ሐሳቡን ወደ ጃቫስክሪፕት አመጣችው፣ ፒ5 የሚባለው እሱ ነው። ነፃ ነው። ምንም አትጭኑም፤ ብራውዘር ላይ የፒ5ን ኤዲተር ከፍታችሁ መጻፍ ነው።

ስትከፍቱት ሁለት ፈንክሽኖች፣ ማለትም ስም ያላቸው የትእዛዝ ጥቅሎች፣ ይጠብቋችኋል። ሰትአፕ (setup) አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል። ድሮው (draw) ግን በሰከንድ 60 ጊዜ ያህል ይደጋገማል፣ እያንዳንዱ ድግግሞሽ ፍሬም ይባላል፤ እንቅስቃሴ የሚባለው ነገር ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ድግግሞሽ ነው። ድሮው ውስጥ ያለው ባክግራውንድ በየዙሩ የቀደመውን ሥዕል ይሸፍናል፤ ፊደል መጻፍ ስንጀምር አጥፉትና ምን እንደሚሆን እዩ። ፊደሎቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይከመራሉ፤ እንደዚያም ያምራል፣ ለአሁኑ ግን መልሱት።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለየፊደሉ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሠንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 በስሪት 3.0 ነው። ሀ ቁጥሩ 4608 ነው። ሁ 4609፣ ሂ 4610፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። እያንዳንዱ ቤተሰብ 8 ቦታ ተሰጥቶታል፣ ስለዚህ ለ በ4616 ይጀምራል። ስሌቱ ይቺ ብቻ ናት፦

ቁጥር = 4608 + ረድፍ × 8 + ዓምድ

ኮዱ ላይ የማባዣው ምልክት ኮከብ ነው። መ ረድፍ 3 ነው፣ ምክንያቱም የሚቆጠረው ከ0 ነው። ራብዕ ዓምድ 3 ነው። 4608 ሲደመር 24 ሲደመር 3፣ 4635፤ ማ። ቁጥሩን ቻር ለሚባለው ፈንክሽን ስጡት፣ ፊደሉን ይመልስላችኋል፣ ቴክስት በሚባለው ፈንክሽን ካንቫሱ (የሥዕል ሰሌዳው) መሃል ጻፉት። ዓምዱን ከማውሱ አግድም ቦታ ለማግኘት ማፕ የሚባለውን ተጠቀሙ፤ ከ0 እስከ ካንቫሱ ስፋት ያለውን ከ0 እስከ 7 ወዳለው ይቀይርላችኋል፣ በፍሎር ክፍልፋዩን ትቆርጣላችሁ፣ በኮንስትሬን ደግሞ ከ6 እንዳያልፍ ታስሩታላችሁ። ካላሰራችሁት ቀኝ ጠርዝ ላይ ሇ ብቅ ትላለች። ረድፉንም እንዲሁ ከቁመቱ አውጡ፣ ለጊዜው ከረድፍ 0 እስከ ረድፍ 8፣ ማለትም እስከ ቀ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጃቫስክሪፕት የቫሪያብል፣ ማለትም ዋጋ የምታስቀምጡበት ዕቃ፣ ስም በአማርኛ ይቀበላል። «ረድፍ» እና «ዓምድ» ብላችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፣ ያለምንም ጣጣ ይሠራል። ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው፤ የእናንተ የሆነው ነገር በአማርኛ፣ የፒ5 የሆነው በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ኮዱን ገና ስታዩት የቱ የማን እንደሆነ ትለያላችሁ።

ግን ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው ኪቦርዱ ነው። ከአማርኛ መመለስ ትረሱና በኮማ ፋንታ ነጠላ ሰረዝ ትጽፋላችሁ። ለዓይን ብዙም አትለይም፣ ኮምፒውተሩ ግን አይገባውም። ሁለተኛው የባሰ ነው። እኔ ላይ «ዓምድ» ብዬ ሰይሜ ታች «አምድ» ብዬ ጠርቼው ግማሽ ሰዓት ተቀምጬ ኤረሩን አፈጠጥኩበት። ለእኛ አንድ ቃል ነው። ለማሽኑ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ያለበትን ስም ሽሹ። ወይም አንዴ ወስኑና ኮፒ እያደረጋችሁ ለጥፉ።

ረድፉን ከ8 በላይ ስታሳልፉት ደግሞ ባዶ ሣጥን ታያላችሁ። ፎንታችሁ አልተበላሸም። ከቀ ቀጥሎ ያለው በ ሳይሆን ቈ ነው፣ የቈ ቤተሰብ ደግሞ ካዕብ ስለሌለው ቦታው ክፍት ነው። መፍትሔው በስሌት መውረዱን መተው ነው። የምትፈልጓቸውን የቤተሰብ መሪዎች በአንድ ጽሑፍ ደርድሩ፣ «ሀለሐመሠረሰሸቀበተቸነኘአከ» እያላችሁ። በረድፉ ቁጥር አንዱን አውጡ፣ አንቻር በሚባለው ፈንክሽን ወደ ቁጥር ቀይሩት፣ ዓምዱን ደምሩበት። ቅደም ተከተሉም የእናንተ ይሆናል፤ አበገደ ከፈለጋችሁ አበገደ።

ይህ ከሠራ ማውሱን አስቀምጡትና ወደ እጅ እንሂድ። ኤምኤል5 የሚባል ቤተ መጻሕፍት (የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ) አለ፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች የጀመሩት፣ ከፒ5 ጋር አብሮ የሚሠራ። ኢንዴክስ የሚለው ፋይል ውስጥ አንድ የስክሪፕት መስመር ጨምራችሁ ታስገቡታላችሁ። ውስጡ ሃንድፖዝ የሚባለው ሞዴል ካሜራው ላይ ያለ እጅ አይቶ 21 ነጥብ ይሰጣችኋል። የአውራ ጣት ጫፍ 4 ነው፣ የሌባ ጣት ጫፍ 8። ማውሱ የነበረበት ቦታ ላይ የነጥብ 8ን ኤክስና ዋይ ተኩ፣ በቃ። ሞዴሉ መጀመሪያ በኢንተርኔት ይወርዳል፣ ከዚያ በኋላ ሥራው ያለው እዚያው ብራውዘራችሁ ውስጥ ነው፤ ፊታችሁ ወደየትም አይላክም።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የፒ5 ስሪት 2 በ2025 ወጥቷል፣ እዚያ ውስጥ ፋይሎችንና ሞዴሎችን አስቀድሞ የሚጭነው ፕሪሎድ የሚባለው ፈንክሽን የለም። የምታገኟቸው አብዛኞቹ ምሳሌዎች ግን በፕሪሎድ የተጻፉ ናቸው። ኮፒ አድርጋችሁ አልሠራ ካላችሁ ራሳችሁን ከመውቀሳችሁ በፊት የስሪቱን ቁጥር እዩ።

አሁን ትሞክሩታላችሁ፣ ያናድዳችኋል። እጃችሁን ወደ ቀኝ ስትወስዱ ፊደሉ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ቪዲዮውንም ሞዴሉንም ፍሊፕድ አድርጉ፣ እንደ መስታወት ይሆናል። እጅ ከካሜራው ሲወጣ ፕሮግራሙ በኤረር ይቆማል፤ መጀመሪያ እጅ መኖሩን ጠይቁ፣ ከሌለ የመጨረሻውን ፊደል ያዙ። መስኮት ከጀርባችሁ ካለ እጁ ይጨልማል፣ ሞዴሉ ያጣዋል፤ ዞራችሁ ተቀመጡ።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው መንቀጥቀጡ ነው። እጃችሁ ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላችኋል፣ ነጥቡ ግን በየፍሬሙ ትንሽ ትንሽ ይዘላል፣ በሚ እና በማ ድንበር ላይ ከሆናችሁ ፊደሉ እንደሚቃጠል አምፖል ብልጭ ድርግም ይላል። መድኃኒቱ ሁለት ነው። አንደኛ ለርፕ፦ በየፍሬሙ ወደ አዲሱ ቦታ ሙሉ በሙሉ አትዝለሉ፣ የቀረውን ርቀት 20 በመቶ ብቻ ተራመዱ። ሁለተኛው ትዕግሥት ነው፦ ጣቱ አዲስ ሣጥን ውስጥ 6 ፍሬም እስኪቆይ ፊደሉን አትቀይሩ። 6 ፍሬም የሰከንድ አንድ አሥረኛ ነው፣ ተጠቃሚው መዘግየቱን ብዙም አይሰማውም፣ መረጋጋቱን ግን ያየዋል። 20 ፍሬም አድርጌ ሞክሬዋለሁ፤ ጭቃ ላይ የመራመድ ያህል ነው።

ክንድም ይዝላል። ጠቅላላውን የካሜራ ስፋት አትጠቀሙ። ቪዲዮው 640 ከሆነ ከ160 እስከ 480 ያለውን ብቻ ወደ 7ቱ ዓምዶች ማፕ አድርጉ፣ ሰውየው ክርኑን ጠረጴዛ ላይ አሳርፎ ሁሉንም ይደርስባቸዋል።

ይህን ሠርቼ ስጨርስ ለእህቴ ልጅ አሳየኋት፣ 6 ዓመቷ ነው። ምንም አላስረዳኋትም፣ እናንተም አታስረዱ፣ ዝም ብላችሁ እጅ እጅ እዩ። ትንሽ ወዲያ ወዲህ አደረገች፣ ሰ ላይ ደረሰች፣ ከዚያ በሁለት ጣቷ ቆነጠጠችው። ምንም አልሆነም። ደግማ ቆነጠጠች። «አይያዝም እንዴ?» አለችኝ። እኔ ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር።

ስለዚህ ቆንጥጦ መያዝ ጨመርኩ። በነጥብ 4 እና በነጥብ 8 መካከል ያለውን ርቀት በዲስት ትለካላችሁ። ግን ርቀቱን ብቻውን አትመኑት፤ እጁ ከካሜራው ሲርቅ ሳይቆነጥጥም ያንሳል። በመዳፉ ቁመት አካፍሉት፣ ከነጥብ 0 ማለትም ከእጅ አንጓ እስከ ነጥብ 9፣ የመሃል ጣት ሥር። ውጤቱ ከ0.3 ሲያንስ ተቆንጥጧል በሉ፤ ቁጥሩን በራሳችሁ እጅ እየሞከራችሁ አስተካክሉት። በተቆነጠጠ ቁጥር ፊደሉ ታች ባለው ቃል ላይ ይጨመራል። ጣቶቹ እስኪላቀቁ ድረስ ሁለተኛ እንዳይጨምር አንድ እውነት ወይም ሐሰት የምትይዝ ቫሪያብል አኑሩ፣ አለበለዚያ በአንድ ቁንጥጫ «ሰሰሰሰሰሰ» ነው።

በማግሥቱ «ሰላም» ጻፈችበት። ከዚያ አንድ ፊደል ተሳሳተችና እጇን እንደ ሰሌዳ ማጥፊያ ወዲያ ወዲህ ታወዛውዝ ጀመር። ማጥፊያ ገና አልሠራሁም፣ ለጊዜው እሷ ታወዛውዛለች፣ እኔ በኪቦርድ እሰርዝላታለሁ።